እስቲ እግርህን አሳየኝ

ነሐሴ ነው። አዘዞ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው አግዳሚውን ሞልቶታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ሁሉም ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። አንዲት እናት አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ ያነክሳል። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሏት፣ «ብሽሽቱ አብጦበት፤ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ» አለች። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ብሽሽቱን ለማየት እንኳ አልሞከሩም። «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ እግርህን አሳየኝ» አሉት። ኮንጎ ጫማውን አወለቁና ጭቃውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር እንቅፋት የመታው፣ ዙሪያው የቀላ፣ መሀሉ መግል የቋጠረ ቁስል ብቅ አለ።

«ይኸውልሽ። ንፍፊት ነው። ቁስሉ እዚህ፣ ጩኸቱ እዚያ።»

እናትየው ጣቱን አየች፤ ብሽሽቱን አየች። «እማማ፣ አውራ ጣትን ከብሽሽት ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ሲሆን ነው ያየሁት።»

ተራቸው ደረሰና እናትና ልጅ ገቡ። ጥያቄው ግን በረንዳው ላይ ቀረ፤ ከእኔም ጋር አብሮ ወጣ። መልሱ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። እዚያ የተጻፈው መልስ ግን በስም የታጨቀ ስለሆነ፣ ለዚያች እናት ቢነበብላት ከጣት እስከ ብሽሽት የሚያደርሳት አይመስለኝም። እስቲ እኔ ልሞክረው።

ከአውራ ጣት ተነሥቶ

ደም በሥሩ ውስጥ ታሽጎ የሚዞር ይመስለናል። ከፀጉር የቀጠኑት የደም ሥሮች ግን እንደ አዲስ እንስራ ያዣሉ። ውሃው፣ ጨው፣ ስኳሩ፣ ጥቂት ፕሮቲንም በግድግዳቸው ሾልኮ ወደ ሥጋ ይወጣል፤ ሴሎች የሚመገቡት ከዚሁ ነው። የወጣው በየት በኩል ይመለሳል? የድሮ መጻሕፍት ከአሥር ዘጠኙ እዚያው ወደ ደም ሥሩ ይመለሳል፣ አንዱ ብቻ በሊምፍ ቱቦ ይሄዳል ይሉ ነበር፤ ሊምፍ የሚባለው በዚያ ቱቦ የሚሰበሰበው ፈሳሽ ነው። ዛሬ ስሌቱ ተገልብጧል፤ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ያዣው ፈሳሽ የሚመለሰው በሊምፍ መንገድ እንደሆነ ነው የሚታመነው። በየቀኑ ከ2 እስከ 4 ሊትር የሚሆን ሊምፍ አንገት ሥር ወዳለው ትልቅ የደም ሥር ይገባል። የአንድ አዋቂ ሰው ደም ፈሳሹ ክፍል በሙሉ 3 ሊትር ገደማ ነው። መንገዱ ለአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ምን ያህል እንደሚጎድል አስቡት።

የሊምፍ ቱቦ መነሻው ድፍን ነው፤ እንደ ጓንት ጣት። ግድግዳውን የሠሩት ሴሎች ጫፍና ጫፋቸው እንደ ሣር ክዳን ተደራርቧል፤ ከውጭ ደግሞ በቀጫጭን ክሮች ከሥጋው ጋር ታስረዋል። ሥጋው በፈሳሽ ሲነፋ ክሮቹ ይወጠሩና ክዳኑን ገለጥ ያደርጉታል። ቱቦው ሲሞላ ክዳኑ ከውስጥ ተገፍቶ ይዘጋል። መግባት እንጂ መውጣት የለም። ደም ሥር የማያስገባቸው ትልልቅ ነገሮች ሁሉ በዚህ በር ያልፋሉ፦ ፕሮቲን፣ የሞተ ሴል፣ ባክቴሪያ፣ የአፈር ብናኝ፣ የንቅሳት ቀለም ሳይቀር። የባልቴቷ አንገት እንደ ብዙ የጎንደር እናቶች በንቅሳት የተዋበ ነበር። ከዚያ ቀለም ከፊሉ ቆዳቸው ላይ ቀርቷል፤ ከፊሉ ግን ገና በኮረዳነታቸው በሊምፍ ተጉዞ አንገታቸው ውስጥ ያሉትን ፍሬዎች አጥቁሯቸዋል።

«ፍሬ» ያልኩት መጽሐፉ «የሊምፍ እጢ» የሚለውን ነው። እጢ የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ለካንሰርም ስለሚያገለግል፣ ሰው ገና ሲሰማው ይደነግጣል። ፍሬዋ ጤነኛ ሆና ስትኖር ፍሬ፣ ስታብጥ ንፍፊት ብላት ከማንም አልጣላም።

ወደ ልጁ ጣት እንመለስ። ከአውራ ጣት የሚነሡት ቱቦዎች በእግሩ ጀርባ አልፈው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን ፊት ለፊት ወጥተው፣ በባቱና በጉልበቱ ውስጠኛ ገጽ እየታከኩ፣ ጭኑን ተከትለው ብሽሽት ይደርሳሉ። ረጅሙን ቆዳ ሥር የሚሄድ የደም ሥር አጅበው ነው የሚጓዙት። ቱቦው ራሱ ከተቆጣ ቆዳው ላይ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሮጥ ቀይ መስመር ይታያል። ቀይ መስመርና ትኩሳት አብረው ከታዩ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሕክምና ያሻዋል። ቁስሉ ተረከዙ ላይ ወይም በእግሩ ውጨኛ ጠርዝ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነበር፤ መጀመሪያ የሚቆመው ከጉልበት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ነው። ባልቴቷ አውራ ጣቱን ለይተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ። ዓይናቸው ግን ቀጥ ብሎ እዚያው ነው ያረፈው።

ብሽሽት የእግር ብቻ መናኸሪያ አይደለም። ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ፣ መቀመጫ፣ የብልት ውጨኛ ክፍልና የፊንጢጣ ታችኛ ጠርዝ ሁሉ የሚፈስሱት ወደዚያው ነው። እግር ላይ ቁስል ሲታጣ፣ አፍሮ ከመተው ልብስን ዝቅ አድርጎ ማየት ይገባል፤ ቂጥኝ፣ ከርክርና በተለምዶ ባምቡሌ የሚባለው የአባላዘር በሽታ ራሳቸውን የሚገልጡት በዚሁ በብሽሽት እብጠት ነው። አንድ የሚያስት ነገር ግን አለ። ቆለጥ የተፈጠረው ሆድ ውስጥ ነውና ሊምፉም ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ከወገብ አጥንት ፊት ለፊት ወዳሉት ፍሬዎች ነው የሚሄደው። የቆለጥ ካንሰር ያለበት ሰው ብሽሽቱ ባዶ ሆኖ ሊገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ጡሩምባ ሲነፋ

በፋሲካ በግ ሲበለት ከኋላ እግሩ ጉልበት በስተጀርባ፣ በጡንቻዎቹ መካከል ያለውን ስብ ቢሰነጥቁት ባቄላ የመሰለ ግራጫ ነገር ይወጣል። ባለሙያ እናት «እጢ ነው» ብላ ትጥለዋለች። ከመጣሉ በፊት በስል ቢላ ለሁለት ቢከፈል ዳሩ ፈዘዝ፣ መሀሉ ጠቆር ብሎ ይታያል። የሰው ፍሬም አሠራሩ ያው ነው። በሰውነታችን ከ500 በላይ አሉ፤ ትንሿ የጤፍ ቅንጣት ሁለት ሦስት እጥፍ ብታክል ነው፣ ትልቋ 2 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። በጎበጠው ጀርባዋ ብዙ ቱቦዎች ያስገባሉ፤ በሰረጎደው ሆዷ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያወጣሉ። የሚገባበት ብዙ፣ የሚወጣበት ጥቂት ስለሆነ ሊምፉ ውስጧ ሲደርስ ይዘገያል። መዘግየቱ ነው ቁም ነገሩ።

ከሽፋኗ ሥር ባክቴሪያ የሚውጡ ሴሎች ተሰልፈዋል። ከዚያ ወደ ውስጥ የቢ ሴሎች ሰፈር አለ፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ጠለቅ ሲባል የቲ ሴሎች ሰፈር ነው፤ እነዚህ በልጅነት ከፍርምባ አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በሚባል አካል ተፈትነው፣ አብዛኞቹ ወድቀው፣ ጥቂቶች ያለፉ ናቸው። ታይመስ ከጉርምስና በኋላ እየከሰመ ወደ ስብ ይለወጣል። ሁለቱም ዓይነት ሴሎች ያለማቋረጥ ከደም ወደ ፍሬዋ ይገባሉ፤ ለሰዓታት ዞር ዞር ብለው የሚፈልጉትን ካላገኙ ይወጣሉ፤ ወደ ሌላ ፍሬ ይሄዳሉ።

ከቁስሉ መልእክት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሰፈር እድር ጡሩምባ ሲነፋ የሚሆነውን አስቡ፤ ሰው ከየአቅጣጫው ወደ ለቅሶ ቤት ይገባል፣ ማንም ቶሎ አይወጣም፣ ድንኳኑ ይጠባል። ወደ ፍሬዋ የሚመጣው ደም ይጨምራል፤ መውጫው ለጊዜው ይዘጋል። ከገቡት መካከል ያንን ባክቴሪያ የሚያውቁት ጥቂት ሴሎች በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየተከፈሉ ለአራት አምስት ቀን ይባዛሉ። የፍሬዋ ሽፋን ግን እንደ ድንኳን ሸራ ነው፤ ከተወሰነ በላይ አይለጠጥም። ሕመሙ ከሽፋኑ መወጠር የመጣ ነው።

በፍጥነት ያበጠ፣ ሲነኩት የሚያምም፣ ከሥሩ ወዲያ ወዲህ የሚል ንፍፊት ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ፍሬ ነው። በቅቤ ማሸት ምንም አይጠቅመውም፤ ሕመሙን ብቻ ይጨምራል። በምላጭ መቅደድ የባሰ ነው። መታከም ያለበት ታች ያለው ቁስል ነው፦ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ መግል ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ካለ ባለሙያ የሚያዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መውሰድ። ፍሬዋ ራሷ ቀልታ ከለሰለሰችና ስትነካ ውሃ እንደ ያዘ ከረጢት ከሆነች ውስጧ መግል ይዟል ማለት ነው፤ ያኔ ሐኪም ያፈስሰዋል።

ልብ የሌለው ወንዝ

ደምን ልብ ይገፋዋል። ሊምፍን ማን ይገፋዋል? ቱቦው በየትንሹ ርቀት አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር አለው። በሁለት በሮች መካከል ያለችው ክፍል የራሷ ስስ ጡንቻ አላት፤ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ጭምቅ እያለች ወደሚቀጥለው ታሳልፋለች። ቀሪው ጉልበት የሚመጣው ከእግር ባት፣ ከመተንፈስና ከአጠገብ ካለው የደም ሥር ትርታ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ ሊምፍም እንዲሁ ነው። ቸኩሎ አያውቅም።

ቀጥ ብሎ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ለእግር ከሁሉ የከፋ ነው። በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩ ደባትር ታዲያ እንዴት ይችሉታል? የአቋቋም ምስክር በሆነችው በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አንድ ዋዜማ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል፤ አይቆሙማ። መቋሚያውን ተደግፈው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ወረቡ ሲደምቅ ይሸበሽባሉ፤ ተረከዝ ይነሣል፣ ይወርዳል። እያንዳንዱ እርምጃ ባትን ያጠብቃል፣ ባት ሊምፉን ይጨምቃል። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ግን ማታ ጫማው አልገባ ይለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝን ሃያ ጊዜ ያህል ማንሣትና መጣል፣ ሆድ እስኪነፋ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፣ መኪናው ሲቆም ወርዶ መራመድ።

ይኸው የባት ጉልበት የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ብዙ የእባብ መርዝ በሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ በዋናነት የሚጓዘው በሊምፍ ነው። እግሩን የተነደፈ ሰው ሮጦ ወደ መንደር ከገባ መርዙን በገዛ ጡንቻው እየገፋ ነው። እግሩን እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ፣ ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ መውሰድ ነው የሚሻለው። ደም እስኪቆም በገመድ ማሰርና መብጣት እግር ያሳጣል።

ከሁለቱ እግሮችና ከሆድ የሚመጣው ሊምፍ ሁሉ ከወገብ አጥንት ፊት ለፊት ይጠራቀምና በአንድ ትልቅ ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር። ደረት ውስጥ ወደ ግራ ያዘነብልና አንገት ሥር፣ በግራ በኩል፣ ወደ ደም ሥር ይገባል። ቀኝ እጅ፣ የራስ ቀኝ ጎንና የደረት ቀኝ ጎን ብቻ የራሳቸው አጭር ቱቦ በቀኝ አላቸው። ክፍፍሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ ከዚህ በታች ግን ይጠቅመናል።

የሊምፍ ቱቦ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ታውቆ የተጻፈው አፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን አካባቢ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1622 ጋስፓሬ አሴሊ የተባለ ጣልያናዊ ሐኪም የበላች ውሻ ሆድ ከፍቶ፣ አንጀቷን ተከትለው የተዘረጉ ነጫጭ ክሮች አየ። ነርቭ መሰሉት። አንዱን ቢቆርጠው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣው። ሌላ ውሻ ላይ ሊደግመው ሲሞክር ምንም አልታየውም፤ ለካ ውሻው ጾመኛ ነበር። ጎንደር ስትቆረቆር 1636 ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፔኬ የደረቱን ቱቦ ሲያሳትም 1651፤ ስዊድናዊው ሩድቤክና ዴንማርካዊው ባርቶሊን የቀረውን መረብ ሲገልጡ 1653። ፋሲል እስከ 1667 በሕይወት ነበሩ።

ያ ነጭ ፈሳሽ ስብ ነው። ከስኳርና ከፕሮቲን በተለየ፣ የምንበላው ስብ አብዛኛው ከአንጀት በቀጥታ ወደ ደም አይገባም፤ በሊምፍ ዞሮ በአንገት ነው የሚገባው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ የበላ ሰው፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያ የደረቱ ቱቦ በወተት እንደ ተሞላ ነው። ጾም ላይ ያርፋል ማለት ግን አይደለም፤ የኑግ ዘይትም ስብ ነው፣ በዚያው መንገድ ይሄዳል።

መንገዱ ሲደፈን

የልጁ ንፍፊት መንገዱ የሚሠራ መሆኑን ያሳያል። የሚያስፈራው መንገዱ ራሱ ሲጠፋ ነው። ዝሆኔ የምንለው እሱ ነው። በቆላው፣ በተለይ በምዕራብ፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የክር ትል ያመጣዋል። በደጋና በወይና ደጋ ግን ጥፋተኛው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ ዝናብ የበዛበት አገር ቀይ ሸክላማ አፈር እጅግ የደቀቁ የማዕድን ብናኞች አሉት። ባዶ እግር የረገጠው ብናኝ በቆዳው ሰርጎ ይገባል፤ ሴሎች ይውጡታል፤ የሊምፍ ቱቦው ግድግዳ ይቆጣል፣ ጠባሳ ያበጃል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻ ይደፈናል። ይህን ለይቶ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም የሰጠው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገመታል።

ያው አፈር ላይ በባዶ እግሩ አድጎ የማይታመም አለ፤ ለበሽታው የሚያጋልጥ ተፈጥሮ በዘር ስለሚወረስ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚታመመውም ለዚሁ ነው እንጂ አይጋባም። ጎረቤት ግን «በዘራቸው አለ» ይላል፣ ጋብቻ ይፈርሳል፣ ታማሚው በረጅም ቀሚስና በጋቢ እግሩን ይሸፍናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለዚህ በሽታ የተተረተ ይመስለኛል። ምክንያቱም የሚመለሰው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፦ የእግር ፊተኛ ክፍል ሲያሳክክና ሲያቃጥል፣ ጣቶች ሲራራቁ፣ ማታ ያበጠው ጠዋት ሲጎድል። በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት የሚሰረጉድ ከሆነ ገና ፈሳሽ ነው። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለው ጣት ሥር ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማንሣት ካልተቻለ ግን ቆዳው መወፈር ጀምሯል።

ሕክምናው ርካሽ ነው፤ የሚያስቸግረው በየቀኑ መሆኑ ነው። እግሩን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ፣ በጣቶቹ መካከልና በቆዳው እጥፋት ሁሉ እየገቡ ማጠብ። 6 ሊትር ውሃ በሚይዝ ሳፋ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለት 15 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሮ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ማንኪያው ሁለት ቢሆን ይሻላል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም፤ የበዛ በረኪና ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ ለባክቴሪያ በር ነው። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ሳያሹ፣ እየተጫኑ ማድረቅ፤ ፈንገስ ካለ የዊትፊልድ ቅባት፣ ለደረቀው ቆዳ ቫዝሊን። እግርን ሲቀመጡ በርጩማ ላይ፣ ሲተኙ ትራስ ላይ ከፍ ማድረግ። ካልሲና የተሸፈነ ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዲህ ያለ እንክብካቤ፣ እግር እየጋለ ትኩሳት የሚያመጣውን ግርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያ ግርሻ በሰፈር «ምች መታው» ይባላል፤ በመጣ ቁጥር የቀሩትን ጥቂት ቱቦዎች ይገድላል።

የታቦት ግቢ ጫማ አውልቆ መግባቱን ተዉ የሚል የለም፤ መባልም የለበትም። ሲመለሱ እግርን በሳሙና መታጠብ በቂ ነው። ልጅ ግን መራመድ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ጫማ ይልበስ። ያ ልጅ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ጭቃው ግን ከውስጥ ነበር።

ጣፊያና ቆላ

ጣፊያ የሊምፍ አካል ቢሆንም ሊምፍ አይገባባትም። የምታጣራው ደሙን ራሱን ነው። በግራ ጎን ከ9ኛው እስከ 11ኛው ጎድን ሥር ተሸሽጋ ጭብጥ ታክላለች፤ 150 ግራም ገደማ። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ነው። ያረጀውና የጠጠረው በጣፊያ ጠባብ ቀዳዳዎች ማለፍ ስለማይችል እዚያው ይቀራል፤ ይፈርሳል። ጤነኛ ጣፊያ በእጅ አትዳሰስም፤ ሁለት ሦስት እጥፍ ማደግ አለባት።

ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ጎልማሳ ሌሊት ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ይተኛል። የተሰነጣጠቀው የዋልካ አፈር ውስጥ የምትኖረው አሸዋ ዝንብ ከትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ስትበር ድምፅ የላትም። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታመጣው እሷ ናት። ጥገኛው ተሕዋስ የሚራባው ባክቴሪያ ሊውጡ በተመደቡት ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እነዚያ ሴሎች የሚበዙባቸው ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ፤ መቅኔም ይጎዳል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ነስር፣ በግራ የተነፋ ሆድ፤ ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው ይህን ይዞ ከመጣ የወባ መድኃኒት እየደጋገሙ መስጠት ጊዜ መግደል ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የተነሣው ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ተብሎ ነበር።

ጣፊያን ለመዳሰስ ታማሚው በጀርባው ይተኛል፤ ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል። የዳሳሹ እጅ የሚጀምረው ከግራ ጎድን ሥር አይደለም፤ ከቀኝ ታችኛ ሆድ ነው። ወደ ግራ ጎድን እየተጠጉ በየቦታው «ሳብ አድርገህ ተንፍስ» ይባላል፤ ጣፊያ በትንፋሽ ወርዳ ጣት ትነካለች። ከግራ የጀመረ ሐኪም ግዙፍ ጣፊያ ላይ እጁን አሳርፎ ምንም የለም ሊል ይችላል፤ ጠርዟ እምብርት አልፎ ነዋ ያለው። ያበጠች ጣፊያ በትንሽ ምት ትፈነዳለች። በጋለ ብረት የተተኮሰ ሆድ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እሳቱ ቆዳውን እንጂ ጣፊያዋን አያገኛትም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምና ማዕከል አለው፤ የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ነው። ለሚወርደው ሰው ደግሞ መድኃኒት የተነከረ አጎበር፤ ያልተነከረው አጎበር ቀዳዳው ለአሸዋ ዝንቧ ሰፊ ነው።

ቁስል ያልተገኘለት እብጠት

ባልቴቷ ለብሽሽት ያዋሉት ጥበብ ሁሉም ቦታ አይሠራም። አንገት ላይ ቀስ ብሎ የወጣ፣ የማያምም፣ አንዱ ከአንዱ የተጣበቀ፣ ቆይቶ ለስልሶ የሚያፈስስ እብጠት በአገራችን ብዙ ጊዜ የፍሬ ቲቢ ነው። ሳምባ ካልተነካ ወደ ሰው አይተላለፍም። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ሕክምናው 6 ወር ነው፣ ሁለቱ ወር በአራት መድኃኒት፣ አራቱ ወር በሁለት። ሰው የሚሳሳተው በመሀሉ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ ፍሬዋ ለጊዜው ይበልጥ ልታብጥ ትችላለች፤ ታማሚው «አልያዘልኝም» ብሎ ያቋርጣል። አያቋርጥ፤ ለሰጠው ባለሙያ ይንገር። አስቀድሞ በምላጭ የተቀደደች ከሆነች ደግሞ ቁስሉ ለወራት እያፈሰሰ ይኖራል።

ብብት ውስጥ ጠጣር፣ የማያምም፣ ከሥሩ የተያዘ ፍሬ ሴትን ጡቷን እንድታስመረምር ሊያደርጋት ይገባል፤ የጡት ሊምፍ አብዛኛው የሚፈስሰው ወደ ብብት ነው። ከአንገት ሥር አግድም አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ፣ በተለይ በግራ፣ የሚዳሰስ ፍሬ ትንሽም ቢሆን አይናቅም። ያ ትልቅ ቱቦ የሚያበቃው እዚያ ነው፤ የጨጓራና የሆድ ካንሰር አንዳንዴ ራሱን የሚያሳየው በዚያች ፍሬ ነው። ለሌላው ቦታ ልኩ እንዲህ ነው፦ አንገትና ብብት እስከ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ብሽሽት እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያስጨንቅም፤ ከዚያ ያለፈ፣ ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ፣ ወይም ሌሊት ላብና ክሳት ያስከተለ ይመርመር። ሲዳስሱ በሦስት ጣት ለስላሳ ሆድ፣ በክብ እያዞሩ፣ አንገትን ወደሚዳሰሰው ጎን ዘንበል አድርጎ ነው፤ የተወጠረ ጡንቻ ፍሬን ይደብቃል።

የጉሮሮ ነገር ሳልል አላልፍም። ቶንሲል እንደ ፍሬ ናት፤ ከቱቦ ሳይሆን ከአፍ የሚገባውን በቀጥታ ትቀበላለች። እንጥል ግን ከዚህ ሥራ ውስጥ የለችበትም። ሕፃን በታመመ ቁጥር እንጥሉን ማስቆረጥ ደም መፍሰስንና ቴታነስን እንጂ ጤናን አያመጣም።

ዝናቡ ሲያባራ እናትና ልጅ ከምርመራ ክፍሉ ወጡ። ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጫማውን በእጁ ይዞታል። ባልቴቷ ገና ተራ እየጠበቁ ነበር።

«ፍሬዋ ትጠፋለች አሉሽ?»

«ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ትቀንሳለች እንጂ አንዳንዴ እንደ አተር ሆና ልትቀር ትችላለች አሉኝ።»

«ትቀራለች» አሉ ባልቴቷ፤ በቀሚሳቸው ላይ ጭናቸውን ከላይ መታ መታ እያደረጉ። «የእኔም እስካሁን አለች።»